የተገዘተው ሰርቨር

ተናድጃለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል፤ በኋላ መሐል ላይ ድምፄ ከፍ ሲል «ሰውዬውን ምን ነካው?» እንዳትሉኝ። የተናደድኩት በታክሲ ሰልፍ አይደለም፤ በመብራት መጥፋትም አይደለም፤ ለእነሱ የምናደድበት ሌላ ቀን አለኝ። ያናደደኝ ሰርቨር የሚባል ዕቃ ነው። እሱም አንድ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ሁለት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ዕቃዎቹ ምንም አላጠፉም። እነሱ ዝም ብለው በተቀመጡበት ያበድነው እኛ ነን።

ሰርቨር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነውና አትፈሩ፤ ሌሎች ኮምፒውተሮች ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። አይጠፋም ሲባል እንግዲህ ዕቃውን በሚሸጠው ሰው አነጋገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ፒያሳ ካለ አንድ የድሮ ፎቶ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ አሁንም በበሩ አልፌ ነው ቸርችል ጎዳና ወዳለው መሥሪያ ቤቴ የምወርደው። ባለቤቶቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ ጋሽ ታምራትና እትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ ታላቅ ናቸው፤ በስንት እንደሚበልጡ ግን ማንም እንዲያሰላ አይወዱም። ፎቶ ቤቱን ያቋቋሙት አባታቸው ነበሩ። እኚህ ሰው በሕይወት ሳሉ ያነሱትን ሰው ሁሉ ነጌቲቭ፣ አንድም ሳይጥሉ አስቀምጠው አለፉ። ልጆቻቸውም ያንን ሁሉ ፊልም ስካን አስደርገው ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት። እስከዚህ ድረስ አጨብጭቤላቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ክረምት የመጋዘኑ ጣራ አፈሰሰና ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ተጣለ። ስለዚህ የዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቀረው አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው።

እዚያ ሆድ ውስጥ አባቴም አለ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተነስተን ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ የፎቶ አልበማችን ከመኪናው ላይ ይውደቅ፣ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ይሂድ ሳናውቅ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የአባቴን መልክ የምትነግረኝ በቃል ነው። «ግንባሩ እንዲህ ነበር» ትልና እጇን የራሷ ግንባር ላይ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልኩ እየጠፋብኝ መጥቷል። ሳስበው የአጎቴ ፊት ነው የሚመጣብኝ። አባቴ በወጣትነቱ እዚህ ፎቶ ቤት መነሳቱን ግን እናቴ አትጠራጠርም። ችግሩ ፎቶዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ፣ የማላውቀውን ሰው ፊት አንድ በአንድ እያለፍኩ፣ አባቴን እፈልጋለሁ። እትዬ አስካለና ጋሽ ታምራት ደግ ሰዎች ናቸው፤ ወንበር ሰጥተው ዝም ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ። በቃ፣ በዚያች ቅጽበት የኮምፒውተር ሊቅ ሆኜ ተሾምኩ። «እኔ እኮ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ የማውቀው ደብዳቤ መምራት ነው» ብል ማን ሰምቶኝ! እትዬ አስካለ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ይሄ ልጅ ኮምፒውተር ያናግራል» እያሉ ያሳዩኛል። እኔም አልክድም፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሙሽሮች ሲያዩኝ ፊቴን ኮስተር አደርግ ጀመር።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ማጓራት ጀመረ። ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ይንገራገጫል። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ መሥሪያ ቤታችን ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ አሰማሁት። ባለሙያው እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «ውስጡ ያለው ዲስክ ሊሞት ነው። ቶሎ ሰርቨር ግዙና ገልብጡት» አለኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። ጋሽ ታምራትም እትዬ አስካለም ወዲያው «ይገዛ!» አሉ። አንድ ነገር ላይ የተስማሙበት የመጨረሻው ቀን ያ ነበር።

ሦስታችን ተያይዘን ቸርችል ጎዳናን ወረድን። ሻጩ ጸጉሩን የተንከባከበ፣ አፉ የማይዘጋ የሰፈራችን ልጅ ነው። ባንኮኒው ላይ ሁለት ጥቁር ሣጥን ደረደረልን። አንዱ ሰባ ሁለት ይባላል፣ ሌላው ሰባ ሦስት። ስማቸው ይኸው ነው። መንታ እንኳ እንደነሱ አይመሳሰልም።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት፣ ሹመቴን አስታውሼ።

«ብራዘር፣ ሰባ ሁለት አሪፍ ዕቃ ነው። ጣጣ የለውም።»

«ሰባ ሦስትስ?»

«እሱ ደግሞ በጣም አሪፍ ነው።»

«ታዲያ ሰባ ሦስት ይሻላል ማለት ነዋ?»

«ኧረ በፍጹም! ሰባ ሁለትን የሚያህል የለም።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ይህ ሰው ለዚህ ሥራ ሱቅ ተከራይቷል! በስንት ጭቅጭቅ ያወጣጣሁት ይህን ነው፤ ሰባ ሁለት ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ሁለት መሰኪያ አለው፤ ሰባ ሦስት መሰኪያው አንድ ነው፣ ግን ለዲስክ የሚሆን አንድ ቦታ ይጨምራል። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ለእኛ ሥራ ዓይናችንን ጨፍነን አንዱን ብናነሳ በቂያችን ነበር።

ጋሽ ታምራት ግን ሰባ ሁለትን ሁለት እጃቸውን ከሥሩ አስገብተው ከፍ አደረጉት። ከዚያ ሰባ ሦስትን ከፍ አደረጉ። ከዚያ እንደገና ሰባ ሁለትን። በግ ሊገዙ የመጡ ነው የሚመስሉት። «ይሄ ይከብዳል። የድሮ ብረት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለት መሰኪያ ያለው ይሻላል» አሉ።

«ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም መሰኪያ ላይ ነው የሚጠፋው» አልኳቸው።

«ቢሆንም» አሉ። ይህ «ቢሆንም» የሚሉት ቃል ያለ ዕድሜዬ አስረጅቶኛል።

እትዬ አስካለ በበኩላቸው ሰባ ሦስትን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርገው አዳመጡ። «ሰባ ሦስት ከሰባ ሁለት በኋላ ነው የተሠራው። ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ያሻሽላል እንጂ ያበላሻል? ታምራት ዱሮም አሮጌ ነገር ይወዳል» አሉ።

«እስኪ አስበን እንመለስ» ተብሎ ወጣን። እኔ ማሰብ ማለት እስከ ሰኞ መስሎኝ ነበር።

ሳምንት ሳምንትን እየተካ ሄደ። ወሬው ፒያሳን አዳረሰ። ሰርቨር በሕልሙ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጎራ ለየ። ሰዓት ጠጋኙ ከሰባ ሁለት ጋር፣ ልብስ ሰፊው ከሰባ ሦስት ጋር። አንድ ቀን ኬክ ቤት ማኪያቶ አዝዤ ስቀመጥ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች «መሰኪያ፣ መሰኪያ!» «ቦታ፣ ቦታ!» እየተባባሉ ነው። አፍንጮ በር ያለ የእነ ጋሽ ታምራት ዘመድ ደውሎ «ለምን ሁለቱንም ትታችሁ መሬት አትገዙም?» ብሏል አሉ። «እስከዚያው በትንሽ ዲስክ እንገልብጠው፤ እኔ ቤት አስቀምጠዋለሁ» ብዬ ለመንኩ። እትዬ አስካለ ደነገጡ። «የሰው ፊት እኮ ነው! በኪስ ይዞራል እንዴ? አባባ ከዚህ ቤት አይውጣ ብሎ ነው የሞተው» አሉ። እዚያው ቤት ላስቀምጠው ስል ደግሞ ጋሽ ታምራት «ትልቁን ልንገዛ አይደለም እንዴ? ድርብ ሥራ ለምን?» አሉኝ።

ቀጥሎ ጠቡ ሰርቨሩን ጥሎት ሄደ። «አንቺ ዱሮም» እና «አንተ ዱሮም» መጣ። ማን የአባባን ካሜራ እንደሰበረ፣ ማን በማን ሠርግ ቀርቶ እንደነበር፣ ሁሉም ከተቀበረበት ወጣ። በመጨረሻ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ መነጋገር አቆሙ። ሥራው ግን አልቆመም፤ ጋሽ ታምራት ፎቶ ያነሳሉ፣ እትዬ አስካለ ልብስ ያስተካክላሉ። በመሐል ያለው ደንበኛ ነው አስተርጓሚው። አንድ ሙሽራ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ከረባቱ አንቆት ላብ በላብ ሆኗል።

«ሙሽራው፣ ለሴትየዋ ቬሎውን ወደ ግራ ሳብ ያድርጉት በልልኝ» ይላሉ ጋሽ ታምራት ከካሜራው ኋላ።

«ሙሽራው፣ ለሰውየው ግራ የት እንደሆነ መጀመሪያ ይወቅ በልልኝ» ይላሉ እትዬ አስካለ።

ያ ልጅ ትዳርን በዚያ ቀን ምን ብሎ እንደጀመረው እግዜር ይወቅ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከጥግ ሆኖ ያጓራል። እኔም እያንዳንዷን ፎቶ ሳልፍ፣ ቀጥላ የምትመጣው የአባቴ ብትሆንና ሳትከፈት ብትቀርስ እያልኩ ቁልፉን በፍርሃት እጫናለሁ።

መቼም እዚህ አገር ወንድምና እህት ተኳርፈው አይተዉም። የንስሐ አባታቸው አባ ኪሮስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮች የሚነሱበት ነጭ ሶፋ ላይ፣ ሐይቅና ዘንባባ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ «ባለሙያ» ተብዬ ለምስክርነት ተጠራሁ።

«ልጄ፣ እስቲ በአጭሩ፣ እነዚህ ዕቃዎች ምንና ምን ናቸው?» አሉኝ አባ ኪሮስ።

«አባ፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ወንድማማች በሏቸው።»

አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሁለቱን አዩአቸው። «ብረቶቹ እንኳ ወንድማማች ሆነው ተስማምተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናንተ ከአንድ ማኅፀን ወጥታችሁ አታፍሩም?»

አለቀ። ጋሽ ታምራት ወድቀው የእህታቸውን ጉልበት ያዙ። እትዬ አስካለ አንገታቸውን አቅፈው አለቀሱ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ምክንያቴ ግን ነገ ሰርቨሩ ይገዛል የሚል ነበር። ከዚያ አባ ኪሮስ ተነሥተው ቆሙና መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ያለፈው አልፏል። ከእንግዲህ የዚህን ዕቃ ነገር ያነሳ፣ በዚህ ቤት ስሙን የጠራ፣ ገዝቻለሁ!»

ሁላችንም «አሜን!» አልን።

እኔም ብያለሁ! አፌ ለምዶበት፣ ግንባሬን ለመስቀሉ እያዘጋጀሁ፣ «አሜን» ብያለሁ! ምን እንዳልኩ የገባኝ በር ላይ ደርሼ ጫማዬን ሳስር ነው። ሰርቨሩ ተገዘተ። ስሙ አይነሳም። ስሙ ያልተነሳ ዕቃ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይገዛል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። ቤቱ ፍቅር በፍቅር ሆኗል። «ታሚዬ»፣ «አስኩዬ»፣ አጉርሽኝ፣ ላጉርስህ። ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ ብሶበታል።

«እትዬ አስካለ፣ ያ ነገር...» ብዬ ገና ስጀምር አፌን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ግዝት አለብን! እኛንም አንተንም አታስቀስፈን!»

«ስሙን አልጠራም እኮ። ቸርችል የወረድን ጊዜ ያየነው...»

አማተቡ። ጋሽ ታምራት ተነሡና ማጓራቱ እንዳይሰማ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደረጉት። መፍትሔው ይኸው ነው! ዲስኩ በጮኸ ቁጥር መዝሙሩ ይጨምራል፤ መዝሙሩ በጨመረ ቁጥር እነሱ በእርቃቸው ይደሰታሉ። ደሜ ፈላ። ወንበሬን ስቤ ወደ ፎቶዎቹ ዞርኩ። ጥቂት እንዳለፍኩ አንድ ልጅ ያቀፈች ሴትዮ ተከፈተች። ግንባሯና ዓይኗ አለ። ከአፍንጫዋ በታች ግራጫ ነው። ያቀፈችው ልጅ የለም። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። የሚቀጥለውም ግማሽ ነው። ያኔ ንዴቱ ጠፍቶ ፍርሃት ያዘኝ። አባቴንም እንዲህ ከአፍንጫው በታች ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያው ተነስቼ እየከነፍኩ ደብሩ ድረስ ሄድኩ። አባ ኪሮስ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ግዝት ይፍቱልኝ።»

«የምን ግዝት?»

«ያ እሑድ ዕለት የገዘቱት ዕቃ።»

«የትኛው ዕቃ ነበር?»

«ስሙን እንዳልጠራ እርስዎ ገዝተውኛል።»

«እኮ የቱን ነው የምፈታው? እኔ ስንቱን ገዝቼ አስታውሳለሁ!»

ሁለታችንም ተፋጠጥን። በስንት መከራ «ለእኔ ስትነግረኝ አያስቀጣም፣ ተናገር» አሉኝ። ሰርቨር አልኩ። ያለ ዕረፍት ሰርቨር፣ ሰርቨር፣ ሰርቨር አልኩ። ዲስኩን፣ ሴትዮዋን፣ የጠፋውን ልጅ፣ አባቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ይህን ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም?»

«አሜን እያልኩ ነበር፣ አባ።»

በትራቸውን አነሱና አብረን ወጣን። ፎቶ ቤቱ እንደደረስን «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ግዝቱን አነሡ። «አሁን በሰላም አንዱን ምረጡና ይገዛ» አሉ። እኔ ኮቴን እንኳ አላወለቅሁም፤ ወዲያው እንወርዳለን ብዬ።

ጋሽ ታምራት ጎንበስ አሉ። «እንግዲህ አስካለ ታላቄ ናት። የእሷ ይሁን፤ ሰባ ሦስት።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፉ። «አይደረግም። የአባባን ቤት እስከ ዛሬ ያቆየው ታምራት ነው። ሰባ ሁለት።»

«እኔ ልሙት ሰባ ሦስት!»

«እኔ አፈር ልሁን ሰባ ሁለት!»

«አስካለ፣ አክብሬሽ እምቢ ትይኛለሽ?»

«አንተ ዱሮም የሰው አክብሮት አትቀበልም!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ያው ጠብ ነው፣ ቦታ ተለዋውጠው! አባ ኪሮስ መስቀላቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ አየሁና ሌላ ግዝት መጣ ብዬ ጮኽኩ። በሕይወቴ በታላላቆች ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«ይብቃችሁ! አባቴ እዚያ ውስጥ ነው!»

መዝሙሩ በዚያች ሰዓት አልቆ ነበር። ኮምፒውተሩ ብቻ ተሰማ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ጋሽ ታምራት አንገታቸውን ደፉ። «የእኛ አባት ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነበር። አንድም ፎቶ የለንም። ያንተን እናውጣ» አሉ። እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን አነሱ።

ወረድን። ሻጩ ሲያየን ፊቱ በራ። «ሰባ ሁለት ዛሬ አለቀ። ሰባ ሦስት አንድ ቀርቶኛል። ግን ብራዘር፣ ሰባ አራት ሰኞ ስለሚገባ ትንሽ ታግሳችሁ ብታነጻጽሩ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም፤ ካርቶኑን አቅፌ በሩ ላይ ነበርኩ። ጋሽ ታምራት ከኋላዬ ሂሳቡን ሲዘጉ እትዬ አስካለ ታክሲ አስቁመዋል።

የመሥሪያ ቤቴ ባለሙያ መጥቶ ገለበጠው። ሁሉም አልዳነም። ግማሽ የቀሩ ፊቶች አሉ፤ ጭራሽ ያልተከፈቱም አሉ፤ በዚያ ሁሉ «ቢሆንም» ጊዜ የጠፉ ሰዎች ናቸው። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ፤ የዚያች ሴትዮ ልጅ «እኔ የት ሄድኩ?» ብሎ ቢመጣ ምን ይሉታል?

አባቴን ግን አገኘሁት። ሳየው ወዲያው አወቅሁት፤ አጎቴን አይመስልም። ሰፊ ኮት ለብሷል፣ እጅጌው ጣቱ ድረስ ደርሷል፣ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። ቁልፉን ስጫን ቀጥሎ የመጣውም እሱ ነው። ፎቶ አንሺው ሁለት ጊዜ አንስቶታል። በአንደኛው አፉን ገጥሞ ካሜራውን ያየዋል። በሁለተኛው ከንፈሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር አለ፤ ሊስቅ ይሁን ሊናገር አይታወቅም። ለእናቴ አንዱን በትልቁ ላሳጥብላት ነው። የቱን?

እንግዲህ ስደቡኝ። ሳምንታት ሄዱ። አንዱን ስመርጥ ሌላው ያሳዝነኛል። በአንደኛው ትከሻው ቀጥ ይላል፤ በሁለተኛው ዓይኑ ይበራል። ለመሥሪያ ቤት ሰው አሳየሁ፣ ለሁለት ተከፈሉ። እትዬ አስካለ «እኔ አስተያየት አልሰጥም» ብለው አማተቡ። እናቴ በስልክ «አገኘሁት ብለኸኝ የት አደረስከው?» ትላለች፤ እኔ «እየታጠበ ነው» እላለሁ። በመጨረሻ በራሴ ተናድጄ ሁለቱንም በትልቁ አሳጥቤ ወሰድኩላት።

አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁላት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ሁለቱንም እኩል ጊዜ አየቻቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ አስረዳት ጀመር። «ይኸውልሽ እማዬ፣ እዚህ ላይ ከንፈሩ ገጠም ብሏል፤ እዚህኛው ላይ ደግሞ ይህችን አየሻት?» አልኩና ልዩነቷን በጣቴ ላሳያት ከንፈሩ ላይ አስቀመጥኩ።

እናቴ እጄን ያዘችና ቀስ አድርጋ አነሳችው።

«ተው» አለች፤ «ፊቱን አትነካካው።»